የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ የነገው ፕሮግራም ከምን ይጀምር?

እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ የሚገኘው የቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሱፐርክዌስት በተባለ አገር አቀፍ ውድድር አሸንፈው ለትምህርት ቤታቸው ሱፐር ኮምፒዩተር አስገኙ። ማሽኑ ኢቲኤ-10ፒ ይባላል። ትምህርት ቤቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ሆኖ ከተቋቋመ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ማሽን የነበራቸው ዩኒቨርሲቲዎች እንኳ ጥቂት ስለነበሩ የተማሪዎቹ ደስታ የሚገርም አይደለም። ነገር ግን በዓመቱ፣ በኤፕሪል 1989፣ ማሽኑን የሠራው ኢቲኤ ሲስተምስ ተዘጋ። ትምህርት ቤቱ አምራቹ የሌለ ሱፐር ኮምፒዩተር ይዞ ቀረ።

በአገራችን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ሲታቀድ የመጀመሪያው ገጽ ብዙ ጊዜ የዕቃ ዝርዝር ነው፦ ኮምፒዩተር፣ ስማርት ቦርድ፣ የሮቦት መሥሪያ ኪት፣ ሥሪ ዲ ፕሪንተር። ቀጥሎ የትምህርት ዓይነቶች ስም ይመጣል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሳይበር ደኅንነት፣ ዳታ ሳይንስ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሆኖም ዕቃውም ስሙም ከአሥር ዓመት በኋላ መለወጡ አይቀርም፤ ዛሬ መሠረቱ የሚጣልለት ትምህርት ቤት ግን ያኔም ልጆች ይቀበላል። ስለዚህ ዕቅዱ አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። ተማሪው መልሱ በመማሪያ መጽሐፉ ያልተጻፈ ጥያቄ ላይ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራል? ያንን ሰዓት ማን ይመራዋል? ወደዚያ ክፍል የሚገባውስ የማን ልጅ ነው? ይህ ዳሰሳ የተለያዩ አገሮችን ልምድ በእነዚህ ጥያቄዎች በኩል ይመለከታል፤ በመጨረሻም ወደ እኛ ይመለሳል።

ቶማስ ጀፈርሰንን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በቅርብ ያውቁታል፤ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ስሙ በየቤቱ ይነሣል። ትምህርት ቤቱ በ1985 በዚህ መልኩ ከተደራጀ ወዲህ ከቆዩት ነገሮች መካከል አንዱ የምርምር ግዴታ ነው። እያንዳንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤቱ የምርምር ላቦች አንዱን መርጦ፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ሠርቶ፣ ውጤቱን ማቅረብ አለበት። የሥነ ፈለክ፣ የባዮቴክኖሎጂ፣ የነርቭ ሳይንስ፣ የኮምፒዩተር ሲስተምስ፣ የውቅያኖስና የምድር ፊዚክስ ላቦች አሉ። የአንዳንዱ ላብ ስም በጊዜ ብዛት ተለውጧል፤ ለምሳሌ ቀድሞ የኦፕቲክስና የዘመናዊ ፊዚክስ ይባል የነበረው ዛሬ የኳንተም ኢንፎርሜሽንና ኦፕቲክስ ሆኗል። ግዴታው ግን እንዳለ ነው። አዲስ ሳይንስ ሲመጣ መዋቅሩ አይፈርስም፤ ከላቦቹ የአንዱ ይዘት ይታደሳል። በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚበቃውን መሪ ያላገኘ ተማሪም በአካባቢው ባሉ የምርምር ተቋማትና ኩባንያዎች አማካሪ ሳይንቲስት ዘንድ ሄዶ ሥራውን የሚሠራበት መንገድ ተዘጋጅቶለታል።

ይህ የ12ኛ ክፍል ሥራ ደግሞ በባዶ ሜዳ የሚጀመር አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ባዮሎጂን፣ እንግሊዝኛንና ቴክኖሎጂን በአንድነት ይማራል፤ ሦስቱ መምህራን እነዚያኑ ተማሪዎች ይዘው፣ አብረው አቅደው ያስተምራሉ። ልጁ ከጅረት ዳር የወሰደውን ናሙና በባዮሎጂ ክፍል ቢመረምር መለኪያውን በቴክኖሎጂ ክፍል ሊሠራ፣ ሪፖርቱን ደግሞ በእንግሊዝኛ ክፍል ሊጽፍ ይችላል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርትም ለሁሉም ግዴታ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ስምንተኛ ክፍለ ጊዜ የሚሉት አለ፤ ክበባት የሚሰበሰቡበት፣ ተማሪው መምህሩን ፈልጎ የሚያገኝበት፣ በመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውስጥ የተቀመጠ ጊዜ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል። በእኛ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበብ የሚሰበሰበው ከትምህርት በኋላ ነው፤ ቤቱ ሩቅ የሆነ ልጅ፣ ውኃ የምትቀዳ ልጅ፣ ታክሲ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ ያን ሰዓት አያገኙትም። ሰዓቱን በመርሐ ግብሩ ውስጥ ማስገባት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የርዕሰ መምህሩን ውሳኔ ነው።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የሳተላይቱ ታሪክ ነው። በዚያው ትምህርት ቤት በ2006 የተጀመረ ፕሮጀክት ቲጄ ሥሪ ሳት የተባለች ትንሽ ሳተላይት ወለደ፤ በኖቬምበር 2013 ከቨርጂኒያ ዎሎፕስ ደሴት በሚኖታወር ሮኬት ወደ ምሕዋር ተላከች። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተሠርታ ወደ ጠፈር የሄደች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት። የተቀበለችውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ ለውጣ በሬዲዮ እንድታሰማ ነበር የታቀደችው። እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሁሉም የሚያየው ሮኬቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ዓመቱ ነው፤ ከጅምሩ እስከ መተኮሷ ሰባት ዓመት ሄደ። ሥራውን የጀመሩት ልጆች ሳተላይቷ ስትተኮስ ከትምህርት ቤቱ ከወጡ ቆይተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር ለሚቀጥለው መዝገቡን፣ ሥዕሉን፣ የተሳካውንና ያልተሳካውን ሙከራ ማስረከብ ነበረበት። ትምህርት ቤቱን የጠቀመው ይህ ርክክብ ነው። ማንኛውም የሳይንስ ትምህርት ቤት፣ ሮኬት በአቅራቢያው ኖረም አልኖረ፣ ከአንድ ተማሪ ቆይታ የሚረዝም ሥራ ቢያንስ አንድ ሊኖረው ይገባል።

ጀፈርሰን የመጀመሪያው አይደለም። የኒው ዮርኩ ብሮንክስ የሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1938 ነው። ፊሊፒንስ በ1964፣ ሌሎችም የእስያ አገሮች በየጊዜያቸው የየራሳቸውን ከፍተዋል። ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም፤ ለእኛ የሚጠቅመው ጥቂቱ ላይ ላተኩር።

በሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1963 የሒሳብ ሊቁ አንድሬይ ኮልሞጎሮቭና ባልደረቦቹ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፊዚክስና የሒሳብ አዳሪ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት በኖቮሲቢርስክም ተመሳሳይ ተከፈተ። አዳሪ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ የታሰበው ከዋና ከተማው ውጭ ላሉ ጎበዝ ልጆች ነው። ኮልሞጎሮቭ ራሱ፣ በዓለም የታወቀ ሊቅ ሆኖ ሳለ፣ ለእነዚህ ልጆች ያስተምር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እስራኤል ጌልፋንድ የተባለው ሌላው የሒሳብ ሊቅ የተልእኮ ትምህርት ቤት ጀመረ። በገጠር ያለ ልጅ የሒሳብ ጥያቄዎች በፖስታ ይደርሱታል፤ ሠርቶ ይልካል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አርመው፣ የተሳሳተበትን አስረድተው ይመልሱለታል። ወጪው ወረቀትና ቴምብር ነው። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ጥቂት መቶ ልጆችን ሲይዝ፣ የተልእኮው ትምህርት ግን አዳሪው ሊደርስላቸው ወዳልቻለ መንደሮች ገባ።

የሰሜን ካሮላይና የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት ቤትም በሌላ መንገድ ወደዚሁ ደረሰ። በ1980 በደርሃም ከተማ፣ ሆስፒታል በነበረ ግቢ ውስጥ፣ መንግሥታዊ አዳሪ ሆኖ ተከፈተ፤ ተማሪ የሚቀበለው ከሁሉም የግዛቱ የምርጫ ክልሎች ነው። ከ2008 ጀምሮ በየራሳቸው ትምህርት ቤት ለሚቀሩ ልጆች የኢንተርኔት ፕሮግራም ከፈተ። በ2022 ደግሞ በምዕራቡ ተራራማ ክፍል፣ ሞርጋንተን ላይ ሁለተኛ ግቢ ጨመረ። ማለትም የተመረጡትን ማስተማርና ያልተመረጡትን መድረስ በአንድ ተቋም በጀት ውስጥ አብረው ታቅደዋል።

ግብፅ ከ2011 ጀምሮ የከፈተቻቸው የሳይንስና ቴክኖሎጂ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከአንድ ነገር አንፃር ለእኛ ይበልጥ ይቀርባሉ። የተማሪዎቹ የቡድን ፕሮጀክቶች የሚነሡት ከአገሪቱ ትላልቅ ችግሮች ዝርዝር ነው፦ ውኃ፣ ኃይል፣ ቆሻሻ፣ የሕዝብ ብዛት። የፕሮጀክቱ ውጤት በተማሪው ውጤት ውስጥ ተቆጥሮ ይገባል። የማይቆጠር ሥራ ፈተና ሲቃረብ እንደሚጣል የግብፅ አቃጆች ቀድመው ገብቷቸዋል።

አሁን ወደ መግቢያው በር እንምጣ፤ ብዙዎች ይህን ከፕሮግራም ዕቅድ ውጭ አድርገው ያዩታል። ቶማስ ጀፈርሰን ለረጅም ዓመታት በፈተና ነበር የሚቀበለው። ለፈተናው የሚያዘጋጁ የግል ማሠልጠኛዎች በዙሪያው በቅለው፣ ወላጅ ገና ልጁ ትንሽ ሳለ ገንዘብ ማውጣት ጀምሮ ነበር። በኦክቶበር 2020 የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ፈተናውንና 100 ዶላር የነበረውን የማመልከቻ ክፍያ አስቀረ። በዲሴምበር ደግሞ ለእያንዳንዱ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹ 1.5 በመቶ ለሚሆኑት ቦታ ተጠበቀ፤ የአንድ ዓመት ቅበላም ወደ 550 ከፍ አለ። በአዲሱ አሠራር የመጀመሪያ ዙር ከቅበላው ውስጥ የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ከ1 በመቶ ገደማ ወደ 7 በመቶ፣ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ወደ 25 በመቶ ወጣ። የእስያ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ድርሻ ደግሞ ከ73 ወደ 54 በመቶ ወረደ። በ2021 የወላጆች ማኅበር ክስ መሠረተ፤ በ2022 የፌዴራል ዳኛ ለከሳሾቹ ፈረዱ፣ በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ያንን ሻረ፣ በፌብሩዋሪ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አልቀበልም አለ። አሠራሩ ጸና።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገን የሚሰማ ነገር አለው። ሌት ተቀን አጥንቶ ለፈተናው የተዘጋጀ ልጅና ወላጆቹ ሕጉ በመሐል ሲለወጥባቸው ያዘኑት እውነተኛ ሐዘን ነው። በእኔ እምነት ግን ለፈተና ማሠልጠኛ መክፈል የሚችል ቤተሰብ ልጅ ብቻ የሚገባበት መንግሥታዊ የሳይንስ ትምህርት ቤት ብዙ ችሎታ በሩ ላይ እየጣለ ነው። ከዚህም የሚከተል ሥራ አለ፤ ከተለያየ ደረጃ የመጡ ልጆች ሲገቡ የዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያ ወራት የሒሳብ ድጋፍ፣ የክረምት መሸጋገሪያና ተጨማሪ መምህር ይጠይቃል። በሩን ከፍቶ ውስጡን እንደነበረ መተው የገባውን ልጅ ብቻውን እንዲወድቅ መፍረድ ነው። ቅበላና ሥርዓተ ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ መታቀድ ያለባቸው ለዚህ ነው።

እኛስ ጋ? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወጣው ውጤት የታወቀ ነው፦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በዚህ መሐል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያስፈተኗቸውን ሁሉ ወይም አብዛኞቹን ሲያሳልፉ ክልሎችም፣ የልማት ማኅበራትም፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ተመሳሳይ ለመክፈት መነሣታቸው የሚጠበቅ ነው። ደስ ይላል። ግን አንድ ሥጋት አለኝ፤ የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብቸኛ መለኪያ የማትሪክ ውጤት ከሆነ የሳይንስ ትምህርት ቤት መሆናቸው ይቀርና የጎበዝ ልጆች ማጠናከሪያ ክፍል ይሆናሉ። ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ሲሠራ የከረመ ልጅ ጥሩ ውጤት ያመጣል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጀመሪያ ላብ ሲገባ ግን ቢከርና ፒፔት በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሆኖ ይገኛል።

የቤተ ሙከራውን ሁኔታ የሚያውቅ መምህር የምለው ይገባዋል። በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ላብራቶሪ» የሚል የተጻፈበት ክፍል አለ። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ነው። ውስጡ ሲገባ መደርደሪያው ላይ ጽሑፋቸው የተላጠ የኬሚካል ጠርሙሶች ይታያሉ፤ ምን እንደያዙ በእርግጠኝነት የሚናገር ስለሌለ አይጣሉም፣ አይሠራባቸውም። ማይክሮስኮፑ በዕርዳታ መጥቶ ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ ቢሰበር በንብረት ኃላፊነት የሚጠየቀው መምህሩ ነውና ማንም አይደፍረውም። ውኃ ያለው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። መምህሩ ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው ላይ ሙከራ አዘጋጅቶ፣ አሠርቶ፣ አጥቦ የሚመልስበት ጊዜ የለውም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የፕላዝማ ትምህርት ሲመጣ ልጆቹ ሙከራውን በቴሌቪዥን መስኮት ማየት ቻሉ፤ ማየቱ ከምንም የተሻለ ነበር፣ እጃቸው ግን አሁንም አልነካም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የ70 በ30 የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ፖሊሲም ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚገቡትን ቁጥር ሲያበዛ ከታች ያሉት ቤተ ሙከራዎች በዚያው ልክ አልተዘጋጁም ነበር።

ስለዚህ በእኛ ዕቅድ ውስጥ የመጀመሪያው መደብ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ቢሆን እላለሁ። ዕቃውን የሚያዘጋጅ፣ የሚመዘግብ፣ ቀለል ያለውን የሚጠግን፣ ጊዜው ያለፈበትን ኬሚካል በደንቡ የሚያስወግድ ሰው። ቀጥሎ ዓመታዊ የመለዋወጫና የአላቂ ዕቃ በጀት፤ ለጋሹ ማይክሮስኮፕ ይሰጣል፣ ስላይድና አምፖል ግን ማንም አይሰጥም። ከዚያ የንብረት ደንቡ፤ በሥራ ላይ የተሰበረ ቢከር መምህሩን የሚያስከፍል ከሆነ ሁሉም ነገር ካርቶን ውስጥ ይቀራል።

ፕሮግራሞቹ ደግሞ ከአካባቢው ይነሡ። ጀፈርሰን የውቅያኖስ ላብ ሲኖረው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ቅርቡ ነው፤ ሳተላይት ሲሠራም የጠፈር ኩባንያዎች ጎረቤቶቹ ናቸው። እኛስ? እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ወደ ምሕዋር የተላከችው የኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት መቆጣጠሪያም የተተከለው እዚያው ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በበሽታዎች ላይ የሚመራመር የአርማወር ሃንሰን ኢንስቲትዩት አለ። አዳማ ዙሪያ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አሉቶ ላንጋኖ ላይ የእንፋሎት ኃይል አለ።

ከሁሉም ግን ቢሾፍቱን ለአፍታ ላንሣ። ከተማው በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ በተፈጠሩ ሐይቆች መካከል ያለ ነው፦ ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፣ ሌሎችም። የቁንጮ ጤፍን ያወጣው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እዚያ ነው። በአገራችን ከቀደሙት የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ የተማሪዎች ማዕከላት አንዱ የሆነው ፎቃም የተከፈተው እዚያው ነው። እነዚህ ጥልቅ ሐይቆች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በንብርብር ይቆያሉ፤ ሞቃቱ ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ኦክስጅን የሌለው ከታች። በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፤ ንብርብሩ ይቀላቀላል፤ አንዳንዴም ዓሦች በብዛት ሞተው ይንሳፈፋሉ። ይህንን ለመከታተል ሱፐር ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ጀልባ፣ በየሜትሩ ምልክት ያለው ገመድ፣ ቴርሞሜትር፣ የኦክስጅን መለኪያና ጥሩ ደብተር ይበቃል። አንድ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ለክቶ ቢመዘግብ፣ የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ መለካት ይማራል፣ የአሥራ አንደኛው ግራፍ ያወጣል፣ የአሥራ ሁለተኛው ካለፉት ዓመታት ጋር አወዳድሮ የሚቀጥለው መቀላቀል መቼ እንደሚሆን ለመገመት ይሞክራል፤ በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራው ሞዴልም ከዚያ ይነሣል። ከአሥር ዓመት በኋላ መዝገቡ ዩኒቨርሲቲዎችም የሚፈልጉት ይሆናል። የሐይቁ ዓሣ አጥማጅም ከዚያ የሚያተርፈው ነገር አለ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠየቁ አይቀርም። ተማሪው ይማረው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም በሩን ከፍቷል። ከባዱ ነገር ተማሪው ሪፖርቱን በስልኩ በደቂቃ አስጽፎ ሊያመጣ መቻሉ ነው። ለዚህ መፍትሔ የምለው ጥንት ከሚታወቁት ውስጥ ነው፦ ሙከራው ሲሠራ በእጅ የሚጻፍ፣ ቀን ያለበት፣ ገጹ የማይቀደድ የላብ ደብተር፤ በመጨረሻም ተማሪው በመምህራንና በታናናሾቹ ፊት ቆሞ ሥራውን በቃሉ የሚያስረዳበት መድረክ። የሐይቁን ሙቀት ራሱ የለካ ልጅ በየትኛው ቀን ገመዱ እንደተያዘበት ይናገራል። ይህ መድረክ ጥያቄና መልሱ በአማርኛ ወይም በተማሪው ቋንቋ እንዲሆን ቢፈቅድ መልካም ነው፤ በእንግሊዝኛ የተሸመደደ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አለመረዳትን ይደብቃል፣ የገባው ልጅ ደግሞ ቋንቋው ይዞት ያልገባው ይመስላል።

የቀረው የበሩ ጉዳይ ነው። ለአዳሪ ትምህርት ቤቶቻችን የሚቀርቡት ልጆች በክልላዊ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ናቸው፤ ይህም ማለት ብዙ ጊዜ መምህር የተሟላላቸው የከተማ ትምህርት ቤቶች ልጆች ናቸው። ከእያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ የተወሰኑ ልጆች የሚገቡበት ኮታ፣ ለእነሱም ከመስከረም በፊት የሁለት ወር የሒሳብና የእንግሊዝኛ መሸጋገሪያ ቢታቀድ ወጪው የምግብና የመምህር አበል ነው። ለማይገቡት ደግሞ የጌልፋንድ የፖስታ ትምህርት ዛሬ በቴሌግራም ሊሠራ ይችላል፤ የአዳሪው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ ጥያቄ ልከው፣ ከወረዳ የመጣውን መልስ በወረቀት ፎቶ ተቀብለው ያርሙ። ኢንተርኔት በማይደርስበት ወረዳ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሱፐርቫይዘር ጉብኝት ሲወጣ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ። ይህን የሚያስተባብር አንድ መምህር ከመደበኛ ክፍለ ጊዜው ግማሹ ሊነሣለት ይገባል፤ ያ ቅነሳ በዕቅዱ ውስጥ በስምና በሰዓት ካልተጻፈ ሥራው ከሁለተኛው ወር አያልፍም።